ከባህር ማዶ ሆኖ ድምፅ መስጠት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ኖቬምበር 3 ቀን 2026፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ይካሄዳል። የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከሴኔቱም ሲሶ ያህሉ ለውድድር ይቀርባሉ። ዜግነት ወስደው ወደ አዲስ አበባ የተመለሱ፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩና በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ አንባቢዎቻችን የላኩልንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል። መሠረቱ በ1986 የወጣው የወታደሮችና የባህር ማዶ ዜጎች የምርጫ ሕግና በ2009 የተደረገለት ማሻሻያ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ዝርዝር ግን 50ዎቹ ስቴቶች በየራሳቸው ይወስናሉ። ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለ14 ዓመታት ኖሬ፣ ቤቴን ሸጬ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። አሜሪካ ውስጥ ምንም አድራሻ የለኝም። መመዝገብ እችላለሁ? የአጎቴን ልጅ አድራሻ ብሰጥስ? (ከአዲስ አበባ፣ አያት)

መልስ፦ ይችላሉ። የአጎትዎን ልጅ አድራሻ ግን አይስጡ። የመራጭነት አድራሻዎ ከአሜሪካ ከመውጣትዎ በፊት መጨረሻ የኖሩበት ቤት ነው። ቤቱ ቢሸጥ፣ ሌላ ሰው ቢገባበት፣ ቢፈርስም እንኳ ለምርጫ ጉዳይ ያው የእርስዎ አድራሻ ነው። ያልኖሩበትን ቤት መጻፍ በሐሰት መማል ይሆናል፤ ከማመልከቻው ግርጌ የሚፈርሙት ቃለ መሐላ ነውና።

ማመልከቻው ፌዴራል ፖስት ካርድ የሚባለው ነው። ስሙ ፖስት ካርድ ይሁን እንጂ ዛሬ ከመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ካለው የፌዴራል የድምፅ አሰጣጥ ድጋፍ ፕሮግራም ድረ ገጽ፣ ኤፍ.ቪ.ኤ.ፒ ዶት ጎቭ፣ የሚወርድ ተራ ቅጽ ነው። ምዝገባውንና የድምፅ መስጫ ወረቀት ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ይፈጽማል። ተሞልቶ የሚላከው ግን ለዋሽንግተንም ለኤምባሲም አይደለም፤ መጨረሻ ለኖሩበት ካውንቲ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ነው። በእርስዎ ሁኔታ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የምርጫ ቦርድ ማለት ነው።

ቅጹ ላይ ሁለት አድራሻ ይጠየቃል፣ ሁለቱንም የሚያቀያይር ብዙ ነው። አንደኛው የመራጭነት አድራሻ ሲሆን የመንገድና የቤት ቁጥር ይፈልጋል፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር እዚህ አይሠራም፣ የትኛው የምርጫ ክልል ውስጥ እንዳሉ ከእሱ አይታወቅምና። ሁለተኛው አሁን ያሉበት ነው፤ እዚያ ላይ የአዲስ አበባ ፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን መጻፍ ይችላሉ። ቤት ድረስ ደብዳቤ የሚያመጣ ፖስተኛ በሌለበት አገር ቀበሌና የቤት ቁጥር ጽፎ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ ባዶውን የድምፅ መስጫ ወረቀት በምን ይላክልዎ ለሚለው ጥያቄ ኢሜይል ወይም ኢንተርኔት የሚለውን ይምረጡ። ከ2009ኙ ማሻሻያ ወዲህ እያንዳንዱ ስቴት ባዶውን ወረቀት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የመላክ ግዴታ አለበት። በጊዜ ላመለከተ ሰው ደግሞ ከምርጫው 45 ቀን አስቀድሞ መላክ አለበት። ለዘንድሮው ምርጫ ቀኑ ሴፕቴምበር 19፣ ማለትም መስከረም 9 ነው። ኢሜይሉ አላስፈላጊ መልእክቶች የሚከማቹበት ማኅደር ውስጥ የሚወድቅበት ጊዜ ስላለ ከመስከረም 9 በኋላ እዚያም ይፈልጉ።

ስለ ስም አንድ ነገር መጨመር አለብን። የኢትዮጵያዊ ስም በአሜሪካ ሰነዶች ላይ እንደ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ይለዋወጣል፤ አንዱ ላይ የአባት ስም እንደ መካከለኛ፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ፊደል ጎድሎ። ምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ማንነትዎን የሚያጣራው ከመንጃ ፈቃድዎ ወይም ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርዎ የመጨረሻ 4 አሃዞች ጋር አስተያይቶ ነው። በፊት በተመዘገቡበት አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል፣ ይሙሉ፤ በጋብቻ ወይም በዜግነት ጊዜ የተለወጠ ካለ ለቀድሞ ስም በተተወው ቦታ ያስፍሩት። ፊርማም እንደዚሁ ነው። ድሮ በላቲን ፈርመው አሁን በአማርኛ ቢፈርሙ ሁለቱ አይመሳሰሉም፣ ወረቀቱም ሊዘገይ ይችላል። ቀን ሲጽፉ መጀመሪያ ወር፣ ቀጥሎ ቀን፣ መጨረሻ ዓመት ይስፈር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ተብሎ የተጻፈ ፊርማ ከስምንት ዓመት በፊት የተፈረመ ይመስላል።

ቅጹን አትመው በእጅዎ ከፈረሙ በኋላ ስካን አድርገው ወይም በስልክ አጥርተው አንስተው በኢሜይል መላክ በአብዛኞቹ ስቴቶች ይቻላል። አንዳንዶቹ ለአዲስ ተመዝጋቢ ዋናውን ወረቀት በፖስታ ይፈልጋሉ። ማመልከቻውን በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ እንዲሁም አድራሻ ወይም ኢሜይል በቀየሩ ቁጥር ያድሱ። ባለፈው ምርጫ ተልኮልኛልና አሁንም ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን በኢሜይል አገኘሁ፣ ሞላሁ። የምመልሰው እንዴት ነው? ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ዘመድ አለኝ፣ በእሱ እጅ ብልከውስ? (ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ)

መልስ፦ መቀበልና መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባዶውን በኢሜይል የላከ ስቴት የተሞላውንም በኢሜይል ይቀበላል ማለት አይደለም። ሜሪላንድ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታ የተሞላውን ወረቀት በኢሜይልም በፋክስም አይቀበሉም፤ ዋናው ወረቀት ራሱ መድረስ አለበት። ካሊፎርኒያ በፖስታ ወይም በፋክስ ብቻ ይቀበላል፤ ዛሬ ፋክስ ያለው ሰው ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ቢሆንም። ዋሽንግተን ስቴት ኢሜይል ይቀበላል። ኔቫዳ ደግሞ ከምዝገባ እስከ መመለስ ድረስ ሁሉን በኢንተርኔት የሚጨርስበት ኢዝ የተባለ የራሱ ሥርዓት አለው። የእርስዎን ስቴት ደንብ ኤፍ.ቪ.ኤ.ፒ ላይ የስቴቱን ስም ጠቅ አድርገው ያገኙታል።

የግድ በወረቀት ከሆነ ከአዲስ አበባ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው እንጦጦ መንገድ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ኤምባሲው የድምፅ ፖስታ ተቀብሎ በዲፕሎማቲክ ቦርሳ ይልካል፤ ኤንቨሎፑ ላይ ግን የአሜሪካ ቴምብር ወይም ከድረ ገጹ የሚታተመው ነፃ የፖስታ ምልክት መኖር አለበት። ክፍያ የለውም። እስከ አራት ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ቢዘገይ በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስገቡ። ለኤምባሲው የሰጡበት ቀን የፖስታ ማኅተም ቀን ሆኖ ይቆጠርልኛል ብለው አያስቡ። ከመሄድዎ በፊት የመቀበያ ሰዓቱን ከኤምባሲው ድረ ገጽ ይመልከቱ። ሁለተኛው የአገር ውስጥ ፖስታ ነው፤ ነፃው ምልክት በኢትዮጵያ ፖስታ ቤት ዋጋ የለውም፣ ቴምብር ይገዛሉ። ሦስተኛው እንደ ዲ.ኤች.ኤል ያለ ፈጣን ድርጅት ነው፤ ውድ ነው፣ ግን በቀናት ይደርሳል፣ መከታተያ ቁጥርም ይሰጣል። በዚህ መንገድ ሲልኩ የምርጫ ጽሕፈት ቤቱን የመንገድ አድራሻ ይጻፉ። ብዙ ካውንቲዎች ኤንቨሎፕ ላይ የሚያትሙት የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፣ ፈጣን ድርጅቶች ደግሞ ለፖስታ ሳጥን አያደርሱም።

ዘመድ እጅ መስጠቱን አንመክርም። የሌላ ሰው የድምፅ ወረቀት ማን ይዞ ማስረከብ እንደሚችል በየስቴቱ በሕግ የተወሰነ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ያስከስሳል። ከታች የምናነሳው የመጠባበቂያ ወረቀት ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ወታደር ያልሆነ የባህር ማዶ ዜጋ ያንን ወረቀት ከአሜሪካ ምድር ከላከው አይቆጠርም። ዘመድዎ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ እዚያ ፖስታ ቤት ቢጥለው ለእርስዎ ደግ የሠራ መስሎት ድምፅዎን አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

የአትሞ መላክ ነገር ከተነሳ፣ በእኛ አገር ያለው ኤ4 ወረቀት ከአሜሪካው በ6 ሚሊ ሜትር ይጠባል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የድምፅ ወረቀቱ ላይ ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ቤት የታተመ ወረቀት ማሽኑ ስለማያነበው የምርጫ ሠራተኞች ወደ መደበኛው ካርድ ይገለብጡታል። ስለዚህም በጥቁር ቀለም፣ ክቡን ሞልተው፣ ስርዝ ድልዝ ሳያበዙ ይሙሉ። ኤንቨሎፑን ሲያትሙ ግን ጠርዙ እንዳይቆረጥ ከገጹ ጋር አመጣጥን የሚለውን ይምረጡ። መሐላው ያለበትን ገጽ ፈርመው ከድምፁ ወረቀት ለይተው ያስገቡት፤ ፊርማ የሌለው መሐላ ወረቀት ውድቅ ከሚደረግባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ዊስኮንሲን የምስክር ፊርማም ይጠይቃል። ለባህር ማዶ መራጭና ለወታደር ምስክሩ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይሁን እንጂ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጎረቤትዎ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የጦር ሠራዊቱ አባል ነኝ። የተመለመልኩት ከሚኒሶታ ነው፣ ቴክሳስ ሁለት ዓመት አገልግዬ አሁን ጅቡቲ ነኝ። ባለቤቴ ቴክሳስ ናት። የትኛው ስቴት ነው የእኔ? (ከካምፕ ሌሞኒዬ)

መልስ፦ ትእዛዝ ተቀብለህ ስለሄድክ ብቻ መኖሪያህ አይለወጥም፤ የወታደሮች የሲቪል መብት ጥበቃ ሕግ ይህን በግልጽ ይላል። ቴክሳስን ቤቴ ብለህ፣ በዲዲ ቅጽ 2058 ሕጋዊ መኖሪያህን ካላስለወጥክ በስተቀር ሚኒሶታ ነህ። ጥርጣሬ ካለህ የደሞዝ መግለጫህ ላይ ለግብር የትኛው ስቴት እንደተጻፈልህ ተመልከት። መራጭነትህን በአንዱ፣ ግብርህን በሌላው ማድረግ የኋላ ኋላ ጥያቄ ያስነሳል።

ባለቤትህ እንደ ወታደር ቤተሰብ በዚሁ ሕግ ትሸፈናለች፤ ከ2018ቱ ማሻሻያ በኋላ ያንተን መኖሪያ የራሷ አድርጋ መምረጥ ትችላለች። ቴክሳስን ከመረጠች ግን ድምፅ የምትሰጠው እንደማንኛውም የቴክሳስ ነዋሪ ነው። አንድ ልዩነት አስታውስ፦ ወታደርና ቤተሰቡ አሜሪካ ውስጥ ሆነውም ከመኖሪያቸው ርቀው ከሆነ በፌዴራል ፖስት ካርድ ማመልከት ይችላሉ። ተራ ዜጋ የሚሸፈነው ከአገር ሲወጣ ብቻ ነው። የባህር ኃይል፣ የአየር ኃይል፣ የማሪን፣ የስፔስ ፎርስና የባህር ጠረፍ ጥበቃ አባላት፣ የነጋዴ መርከብ ባሕረኞች፣ የሕዝብ ጤና አገልግሎትና የውቅያኖስና ከባቢ አየር መሥሪያ ቤቱ መኮንኖች ሁሉ እንደ አንተው ናቸው።

የአድራሻህ አጻጻፍ ላይ ጠንቀቅ በል። የወታደር ፖስታ ስምህን፣ የክፍልህን ወይም የሳጥንህን ቁጥር፣ የወታደር ፖስታ ቤቱን ምልክት ኤ.ፒ.ኦ ወይም ኤፍ.ፒ.ኦ፣ ከዚያ ኤ.ኢ እና ዚፕ ቁጥሩን ብቻ ይይዛል። ኤ.ኢ አፍሪካን፣ አውሮፓንና መካከለኛው ምሥራቅን ይሸፍናል። ጅቡቲ የሚለውን ቃል ከጻፍክበት ፖስታው ከወታደሩ መስመር ወጥቶ በዓለም አቀፍ ፖስታ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ የት እንደሚዞር እግዜር ይወቀው።

ሚኒሶታ የተሞላውን የሚቀበለው በወረቀት ስለሆነ ባዶውን በኢሜይል አስልከህ አትምና በጦር ሰፈሩ ፖስታ ቤት መልስ። ጠቅላላ ምርጫ ሲደርስ ባህር ማዶ ያሉ የጦር ሰፈር ፖስታ ቤቶች የድምፅ ፖስታ ላይ ሌብል 11 ዲኦዲ የተባለውን ወረቀት ለጥፈው በፈጣን ፖስታ ያለ ክፍያ ይልካሉ፣ መከታተያ ቁጥሩም ላንተ ይቀራል። ይህን ካልጠየቅክ ላይነግሩህ ይችላሉ። በየክፍሉ የድምፅ አሰጣጥ ረዳት መኮንን የተመደበ አለ፤ ቅጹም ምክሩም እሱ ዘንድ አለ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዱባይ እሠራለሁ። በፖስታ መምረጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ዜጋ ብቻ ነው። ዜጋ ሳይሆን መምረጥ እስከ አንድ ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ከአገር ለመባረርም ምክንያት ይሆናል። ማመልከቻውን ለሙከራ እንኳ አይፈርሙ፤ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ብቻውን ችግር ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ በስህተት ተመዝግበው ከሆነ፣ የዜግነት ማመልከቻው ስለዚሁ ስለሚጠይቅ፣ ምንም ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ቢጫ ካርድ ይዣለሁ። በአሜሪካ ምርጫ ብሳተፍ ካርዴን ያሳጣኛል?

መልስ፦ አያሳጣዎትም። ቢጫ ካርድ የተሰጠዎት የውጭ አገር ዜጋ የሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በመሆንዎ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የመምረጥና የመመረጥ መብት የነፈገዎት በኢትዮጵያ ምርጫ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ዜጎች ነን። ልጃችን አዲስ አበባ ተወልዶ 18 ሊሞላው ነው፣ አሜሪካ ኖሮ አያውቅም። (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ ዜግነቱን በእናንተ በኩል ያገኘ ከሆነ ብዙ ስቴቶች የወላጁን የመጨረሻ አድራሻ ተጠቅሞ እንዲመርጥ ይፈቅዱለታል። ቅጹ ላይ አሜሪካ ኖሬ አላውቅም የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ምልክት ያድርግ። የማይፈቅዱ ስቴቶችም ስላሉ አስቀድሞ ያጣሩ። እናትና አባት የመጨረሻ አድራሻቸው የተለያየ ስቴት ከሆነ የሁለቱንም ደንብ ማየት ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ለምርጫ ተመዘገብኩ ማለት ስቴቱ ግብር ይጠይቀኛል? ይህን ፈርቼ ሁለት ምርጫ አለፈኝ። (ከአቡዳቢ)

መልስ፦ ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔትና ለምክር ቤት ብቻ ድምፅ መስጠት በፌዴራልም በስቴትም ግብርዎ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የ1986ቱ ሕግ ራሱ በዚህ ሕግ የተሰጠን መብት መጠቀም ለግብር ሲባል መኖሪያን እንደማይወስን ይደነግጋል። ለገዥ፣ ለስቴት ምክር ቤት፣ ለከንቲባ ድምፅ መስጠት ግን በአንዳንድ ስቴቶች አሁንም ነዋሪ ነኝ እንደማለት ሊታይ ይችላል። ቅጹ ላይ የመመለስ ሐሳብ አለኝ ወይም መመለሴ እርግጠኛ አይደለም የሚሉት ሁለት ምርጫዎች የገቡት ለዚህ ነው። ሁለተኛውን ከመረጡ አንዳንድ ስቴቶች የፌዴራል ዕጩዎችን ብቻ የያዘ ወረቀት ይልካሉ። አይመለሱ ይሆናል ብለው የሚያስቡ ከሆነ ይህ ንጹሕ መንገድ ነው። ቤት የሚያከራዩ ወይም ንግድ ያለዎት ከሆነ ግብር ባለሙያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኦክቶበር ገብቷል፣ ወረቀቱ አልመጣም። ቀረብኝ ማለት ነው? (ከሪያድ)

መልስ፦ አልቀረብዎትም። በጊዜው አመልክቶ ወረቀቱ ላልደረሰው ሰው የፌዴራል የመጠባበቂያ ወረቀት አለ፤ ከዚያው ከኤፍ.ቪ.ኤ.ፒ ድረ ገጽ ያወርዱታል። የዕጩ ስም አልታተመበትም፣ እርስዎ የዕጩውን ስም ወይም የፓርቲውን ስም ይጽፋሉ። በሁሉም ስቴት ለፌዴራል ወንበሮች ያገለግላል፣ በብዙዎቹ ለስቴት ሹመቶችም ይሠራል። በዚህ ዓመት ፕሬዚዳንት ስለማይመረጥ የዲስትሪክትዎን የምክር ቤት ዕጩና ካለ የሴኔቱን ማወቅ ያስፈልግዎታል፤ የምርጫ ክልል ቁጥሩ የሚገኘው በመራጭነት አድራሻዎ ነው።

ወሳኙ ነገር አስቀድሞ ማመልከትዎ ነው። ፌዴራል ፖስት ካርዱን ሳይልክ መጠባበቂያውን ብቻ የላከ ሰው እንደ ምዝገባ ጭምር በሚቀበሉ ስቴቶች ይድናል፣ በሌሎቹ ይወድቃል። መጠባበቂያውን ከላኩ በኋላ መደበኛው ቢመጣ እሱንም ሞልተው ይላኩት። ሁለት ጊዜ መምረጥ አይሆንም፤ መደበኛው በጊዜው ከደረሰ ጽሕፈት ቤቱ መጠባበቂያውን ትቶ እሱን ይቆጥራል።

ወረቀት እስከ መቼ መድረስ እንዳለበት ስቴቶች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ እስከ ምርጫው ቀን የተላከ ሆኖ ከቀናት በኋላ የደረሰን ይቀበሉ ነበር፤ ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ሲያከራክር የቆየ ስለሆነ በእሱ ላይ አይተማመኑ። እስከ ኖቬምበር 3 እንዲደርስ አድርገው ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የሲያትል መራጭ ነኝ፣ አዲስ አበባ እኖራለሁ፣ በኢሜይል መመለስ ይፈቀድልኛል። እስከ ስንት ሰዓት? ምስጢርነቱስ? መቆጠሩን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዋሽንግተን ስቴት በኢሜይል የሚቀበለው በምርጫው ዕለት ከምሽቱ 8 ሰዓት በፊት ነው፤ ይህ በአሜሪካ አነጋገር ነው። ኖቬምበር ላይ ከአዲስ አበባ ጋር 11 ሰዓት ልዩነት ስላለ በእኛ አቆጣጠር ረቡዕ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ግን እስከዚያ አይጠብቁ። መብራት ሊጠፋ፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ፣ አባሪው ከብዶ ሊመለስ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይላኩት።

ምስጢርነቱ ሙሉ አይደለም። በኢሜይል የመጣን ወረቀት የሚከፍተው ሠራተኛ ስምዎንና ምርጫዎን በአንድ ጊዜ ሊያይ ይችላል። ሠራተኛው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ እርስዎም ይህን አውቀው መስማማትዎን ይፈርማሉ። ይህ ካልተመቸዎት በወረቀት ይላኩ፤ ጊዜውን ግን አስቀድመው ያስቡበት።

መድረሱን ለማየት ስቴቱ ነፃ የመከታተያ ገጽ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፤ ስምና የትውልድ ቀን አስገብተው ያያሉ። ፊርማ አልተመሳሰለም የሚል ካዩ ጊዜ ሳያባክኑ ለካውንቲው ኢሜይል ያድርጉ፤ የማስተካከያ ቅጽ ይላክልዎታል፣ ለማረም የሚሰጠው ጊዜም የተወሰነ ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላም ገጹን መልሰው ይዩት፤ ደርሷል እና ተቀባይነት አግኝቷል የሚሉት ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው።